በድሮ የቀለም ብዕር ውስጥ የደረቀ ቀለም ስለማጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአባት ሣጥን የወጣ፣ ከአሮጌ ኮት ኪስ የተገኘ ወይም ከገበያ የተገዛ የቀለም ብዕር የያዙ ሰዎች ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ቀላሉን አስቀድመን ከባዱን ወደ ኋላ አድርገነዋል።

የደረቀ ቀለም በምን ይለቃል?

በንጹሕ ውሃ። ሌላ ነገር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ውሃውን ሞክሩ። አብዛኛው የብዕር ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ማቅለሚያው በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት የቆየ እንኳ ቢሆን ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

በቡና ስኒ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። ከታች ነጭ የጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ጫፉ ከሸክላው ጋር እንዳይጋጭ ነው። ሶፍት ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይበጣጠስና ብናኙ በጫፉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ብዕሩን ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት። የሚጠመቀው ጫፉና ከሥሩ ያለችው ጥቁር ቀለም አውራጅ (እዚህ ላይ «ምላስ» እንላታለን) ነው፤ ቀፎው (የብዕሩ ገላ) ውሃ አይግባ። ረጅም ብዕር ስኒ ስለሚገለብጥ ጠባብ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሻላል። ውሃው ሲጠቁር ድፉና በሌላ ቀይሩት።

ምን ምን ዕቃ ልያዝ?

መርፌው የወለቀለት የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ሶፍትና አጉሊ መነጽር ይበቃል። ሁሉም ከፋርማሲና ከሱቅ የሚገኝ ነው። የአፍንጫ መምጠጫውን አትናቁት። እንደ ፓርከር 45 ያለ፣ ካርትሬጅ (ቀለም የያዘ ትንሽ ቱቦ) ወይም መሙያ የሚሰካበት ብዕር ሲሆን የጎማውን አፍ በአንገቱ (ስንጽፍ በጣት የምንይዘው ክፍል) ጀርባ ገጥማችሁ ውሃ በጫፉ በኩል መግፋት ትችላላችሁ፤ አንድ ቀን ከማጥለቅ አሥር ጊዜ መግፋት ብዙ ቀለም ያወጣል። ግን መጀመሪያ ትንሽ ይራስ። ደርቆ የተደፈነውን በኃይል ብትገፉት ውሃው በሌላ በኩል ይፈነዳል።

ለማጥለቂያ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። የመጨረሻው እጥበት ግን በተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ ኖራ ያለበት ውሃ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ይተዋል። የተጣራ ውሃ የመኪና ባትሪ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ አለ። ስትገዙ «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ጽሑፉን አንብቡ። ካልተገኘ ደግሞ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትንና የጠለለውን ውሃ ከላይ ቀድታችሁ ተጠቀሙ።

ስንት ቀን ይፈጃል? ውሃው አሁንም ሰማያዊ ነው።

ተራ ሰማያዊ ቀለም ያለበት ብዕር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ጫፉ በሽፋን የተሸፈነ፣ እንደ ፓርከር 51 ያለ ከሆነ አንድ ሳምንትም ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ መቀየር በቂ ነው። ውሃው ካልተቀየረ ቀለሙ መውጣቱን ያቆማል፤ ስኒው ውስጥ ያለው ውሃ በቀለም ሲሞላ ከውስጥ የሚስበው ይቀንሳልና።

መቼ ላቁም ለሚለው ስኒውን ሳይሆን ሶፍቱን እዩ። ብዕሩን አውጥታችሁ ጫፉን በደረቅ ነጭ ሶፍት ላይ ለአሥር ሴኮንድ ያህል አሳርፉት። መሃሉ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያው ከፈዘዘ ገና ነው፤ ነጠብጣቡ በሙሉ ፈዛዛ ውሃማ ሰማያዊ ከሆነ ደርሷል። ተመልሳችሁ ሰማያዊ የምትሞሉ ከሆነ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ቀይ ወይም ወደ ሌላ ቀለም የምትቀይሩ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ውሃ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ብዕሩ ከምን እንደተሠራ እንዴት ልወቅ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥቂት የማይባሉ የድሮ ብዕሮች የሚበላሹት በቀለሙ ሳይሆን በአጣጣቡ ነው። ቀፎውን በአውራ ጣት እስኪሞቅ አጥብቃችሁ እሹና ወዲያው አሽትቱ። የድኝ ሽታ ካለው ጠንካራ ጎማ (ኤቦናይት) ነው። እንደ ካምፎር (የቪክስ ዓይነት ሽታ) የሚሸት ከሆነ ሴሉሎይድ የተባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው። በትንሹ እርጥብ ጣት ሲታሽ የወተት ወይም የቀንድ ዓይነት ሽታ ከመጣ ኬዚን ነው፤ ከወተት የሚሠራ ፕላስቲክ፣ በተለይ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ብዕሮች ላይ የሚታይ። ምንም ሽታ ከሌለው ኋላ የመጣ ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም።

ጠንካራ ጎማ ውሃና ብርሃን ሲያገኘው ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቀፎው፣ ክዳኑና አንገቱ አይጠመቁ። ምላሷም በአብዛኛው ከዚሁ የተሠራች ናት፤ ግን ቀለም ውስጥ የኖረች ስለሆነች ለብ ያለ ውሃ አይጎዳትም። ሴሉሎይድ ለአጭር ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ይችላል፤ ሙቀትና አልኮል አይችልም። ኬዚን ደግሞ ጨርሶ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የኬዚን ብዕር ካላችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጫፉን ብቻ አሳርፉት፤ ጨርቁ ራሱ ቀለሙን ስቦ ያወጣዋል። ቀስ ያለ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

እዚህ ብርዱ ከባድ ነው፤ ሙቅ ውሃ ብጠቀም አይፈጥንም?

ይፈጥናል፣ ብዕሩንም አብሮ ያበላሻል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ «እዚህ የፈላ ውሃ ያን ያህል አይሞቅም» የሚሉ አሉ። ሆኖም ሴሉሎይድ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ይለሰልሳል፣ የጎማ ምላስም ቅርጿን ትቀይርና ከጫፉ ጋር መገጣጠሟ ይቀራል። አንዴ ከተለያዩ ቀለሙ ጫፉ ጋ መድረሱን ያቆማል።

ከፔርሙስ ሙቅ ውሃ ወስዳችሁ በቀዝቃዛ ቀላቅሉ፤ የእጃችሁ አንጓ ላይ ሲንጠባጠብ ሙቀቱም ብርዱም የማይሰማ ከሆነ ልክ ነው፣ 35 ዲግሪ ገደማ። በጥቅምትና በኅዳር የውርጭ ሌሊት ብዕሩን ውሃ እንደያዘ መስኮት ደፍ ላይ አታሳድሩት። ለማድረቅም ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት። ሴሉሎይድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፤ እሳት ከያዘው አይመለስም።

ፓርከር 51 አለኝ፤ በየት በኩል ልጀምር?

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ፓርከር 51 ገበያ ላይ የዋለው በ1941 ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እስከ 1948 የወጡት በቫኩማቲክ አሠራር የሚሞሉ ናቸው፤ ከቀፎው ጫፍ ላይ ትንሽ ክዳን ስትፈቱ የሚጫን ዘንግ ይወጣል። ከ1948 ጀምሮ የመጡት ደግሞ ቀፎው ሲፈታ ብረት ሽፋን ያለው ከረጢት አላቸው፤ ሽፋኑ ላይ የሚጫን ሸንተረር ያለው ሳንቃ አለ። ኤሮሜትሪክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ በሰው እጅ በብዛት የሚገኙትም እነሱ ናቸው።

ኤሮሜትሪኩ ቀላል ነው። ቀፎውን ፍቱት፣ ጫፉን ውሃ ውስጥ አድርጉ፣ ሳንቃውን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ከረጢቱ ውሃ እስኪጠጣ ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ሌላ ዕቃ ጨምቁት። ይህንን አሥር ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ ውሃ እንደያዘ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አሳድሩት። ከረጢቱ ከጎማ ሳይሆን ከፒቪሲ ፕላስቲክ ስለተሠራ ከሰባ ዓመት በኋላም የሚሠራ ብዙ ነው። የብረት ሽፋኑን ስቦ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከረጢቱን ይቀዳል። ውስጡ ያለችውን ቀጭን የአየር ቱቦም አትንኳት።

ታጥቦ የማያልቅ የሚመስለው ለምንድን ነው? በጫፉ ሽፋን ስር፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ፣ ብዙ ቀጫጭን ክንፎች ያሉት ቀለም ሰብሳቢ አለ። በየክንፎቹ መሃል የተጋገረው ቀለም በመጭመቅ አይወጣም፤ ማራገፍ ያስፈልጋል። ብዕሩ ውሃ እንደያዘ ጫፉን በደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ፣ አንገቱን አጥብቃችሁ ያዙና የብርጭቆ ቴርሞሜትር እንደሚራገፍ ወደ ታች አራግፉት። መጀመሪያ ሶፍቱ ላይ የሚወጣው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ አራት አምስት ጊዜ ውሃ እየሞላችሁ ብታራግፉ ወደ ፈዛዛ ይለወጣል። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ፣ አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ አጠገብ አይሁን።

ቫኩማቲኩ ሲሆን ዘንጉን ውሃ ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ጫኑ። ምንም ካልሳበ ውስጡ ያለው የጎማ ዲያፍራም (ቀለሙን የሚስበው ስስ ጎማ) በስብሷል ማለት ነው፤ ያንን የሚለውጥ መሣሪያ ያለው ሰው እጅ ይግባ። በፒንሳ አትፍቱት። የ51 የጫፍ ሽፋንና ቀፎ ሉሳይት ከሚባል አክሪሊክ የተሠራ ስለሆነ ለሁለቱም አልኮል ክልክል ነው።

የቻይናው ሄሮስ?

ጫፋቸው የተሸፈነውና ከረጢታቸው የሚጨመቀው የሄሮ ብዕሮች አሠራራቸው ከኤሮሜትሪኩ ፓርከር ጋር ስለሚመሳሰል አጥቡት በዚያው መንገድ። ልዩነቱ ሽፋናቸው በብዙዎቹ በእጅ ተዟዙሮ ይፈታል፤ ግን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ቀን ይራስ፣ ደረቁን ካስገደዳችሁት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሲገጠም ጫፉና ሽፋኑ መሃል ለመሃል መግጠማቸውን እዩ።

ጎኑ ላይ ማንሻ ያለው ብዕር ነው፤ ማንሻውን አንስቼ ልጠበው?

መጀመሪያ ማንሻውን አትንኩ። በእነዚህ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ማካሮኒ ይሆናል፤ ማንሻውን ስታነሱ ይፈረካከሳል ወይም ማንሻው ራሱ ይሰበራል። ብዕሩን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ከረጢቱ ከተሰባበረ ቆይቷል። ማንሻው በቀላል ጣት ተነስቶ ለስላሳ ነገር የሚጫን ከመሰላችሁ ግን ከረጢቱ ሕይወት አለው፤ እንደ ልብ ማጠብ ይቻላል።

ሲጠመቅ ውሃው ከጫፉ አያልፍ። ቀፎው ውስጥ ከረጢቱን የሚጫን የብረት ዘንግ አለ፤ ውሃ ከደረሰው ይዝጋል፣ ዝገቱም አዲስ የሚገባውን ከረጢት ይበላዋል። ከረጢት ለማስለወጥ ደግሞ አንገቱ ከቀፎው መውጣት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሼላክ በሚባል ሙጫ የተያያዘ ነው። ለብ ባለ ደረቅ ሙቀት፣ ለምሳሌ ከፀጉር ማድረቂያ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብዕሩን እያዟዟሩ ማሞቅ፣ ከዚያ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማላላት። እንቢ ካለ ደግማችሁ አሙቁ እንጂ ኃይል አትጨምሩ። ጣት እንዳያንሸራትት የብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልላችሁ መያዝ ከማንኛውም ፒንሳ ይሻላል።

ፔሊካን ነው፤ የኋላው ቁልፍ አልዞር አለ።

ቀለም የሚስበው ፒስተን በደረቀ ቀለም ተጣብቋል። ቁልፉን ማስገደድ ዘንጉን ይሰብረዋል። ጫፉን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ እንደ ፔሊካን 400 ያሉት ላይ የጫፉና የምላሱ ክፍል በአንድነት ተዟዙሮ ስለሚፈታ፣ ከራሰ በኋላ ፍቱትና ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ወደ ውስጥ አስገቡ። በቀን ሁለት ጊዜ እየቀየራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። ቁልፉ በሩብ ዙር እንኳ ከተንቀሳቀሰ በቃ፤ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ መንገዱን ያሰፋዋል። ሲጸዳ የክብሪት ራስ የምታህል ሲሊኮን ቅባት በቀፎው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይቀባል። የምግብ ዘይት ወይም ቫዝሊን አታድርጉ፤ ቀለሙ ውስጥ ይገባና ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ከወረቀት ይሸሻል።

ውሃ ብቻ አልበቃውም፤ ላርጎ ልጨምር?

አዎ፣ ግን አንድ ጠብታ በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም፣ አረፋውን ማጠብ ብቻ ይጨምርባችኋል። ሳሙና ካለፈ በኋላ በንጹሕ ውሃ አምስት ስድስት ጊዜ አጥቡ፤ የቀረ ሳሙና ቀለሙን ያቀጥነዋል፣ ወረቀት ላይ ይፈሳል።

ሳሙናውም ካቃተው አሞኒያ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የሚፈለገው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ለቤት ጽዳት የሚሸጠው ከ5 እስከ 10 በመቶ ስለሆነ 10 ሚሊ ሊትር በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ቀላቅሉ። ከኬሚካል መሸጫ የተገዛ 25 በመቶው ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ በ98 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ። አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሩበት። ጫፉን ለ20 ደቂቃ ብቻ አጥልቁ፣ አውጡ፣ እጠቡ፣ ካስፈለገ በማግስቱ ድገሙ። ሌሊቱን አታሳድሩበት። አሉሚኒየምና ነሐስ በአሞኒያ ይበላሉ፤ ኬዚንም ሴሉሎይድም አይንካው። የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለው ብላችሁ እንዳትጠቀሙ፤ ብዙዎቹ አልኮልም አለባቸው።

በረኪና፣ አረቄ፣ ቤንዚን፣ አቼቶስ?

በረኪና የቀለም ብዕር ጠላት ነው። የብረቱን ጫፍ ይበላል፣ ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ የተጋገረውን ከቦታው አያወጣም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከአሞኒያ ጋር ከተገናኘ ለሳንባ መርዝ የሆነ ጋዝ ያወጣል። በረኪና የነበረበት ዕቃ ውስጥ እንኳ አሞኒያ አትቀላቅሉ።

ዳግም አረቄም ሆነ የፋርማሲ አልኮል የሉሳይቱን ቀፎ በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላዋል፣ ሴሉሎይዱን ያቀልጠዋል፣ አንገቱን የያዘውን ሼላክ ያሟሟዋል። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከዚያም ይብሳሉ፤ አሴቶን ሴሉሎይድን በደቂቃዎች ውስጥ ያላሽቀዋል። አቼቶና ሎሚ ለአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ትንሽ ይረዳሉ፤ ለዚያም ቢሆን ከዚህ በታች የተሻለ አለ።

ክዳኑ ውስጥ ተጋግሮ የሞላው ቀለም ከየት መጣ? እንዴትስ ይወጣል?

ብዙ ጊዜ ከመንገድ ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ። መንገዱን ስትወጡ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሰፋል። ግማሽ የሞላ ብዕር ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር አየር ካለ ሩብ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አምስት ጠብታ ያህል ቀለም በጫፉ ይገፋና ክዳን ውስጥ ይፈሳል። መፍትሔው ጥግ ድረስ ሞልቶ ወይም ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ መጓዝ ነው።

ክዳኑን ለማጽዳት የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በውሃ አርሳችሁ ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ እያዟዟራችሁ ጥረጉ። ብዙ ክዳኖች ውስጥ ሌላ ውስጠኛ ክዳን አለ፤ በሁለቱ መሃል የገባ ውሃ ቶሎ አይደርቅም፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ስለዚህ ክዳንን አታጥልቁ፤ በተለይ መቆንጠጫው በብሎን የተያዘውን። ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ፈዛዛ ነጠብጣብ ጉዳት የለውም፣ ተዉት።

ውሃውም አሞኒያውም አላወጣው አለ፤ ጫፉ ዙሪያ ቡናማ ደለል ይታየኛል።

ይህ የብረት ቀለም ነው፤ ሲጻፍ ሰማያዊ ሆኖ ወረቀት ላይ እያደር የሚጠቁረው፣ ለመዝገብና ለውል ይመረጥ የነበረው ዓይነት። ውስጡ ያለው ብረት አየር ሲያገኘው ውሃ ወደማያሟሟው ነገር ይለወጣል። አሞኒያ እዚህ ላይ ያባብሰዋል፤ ብረቱን ወደ ዝገት ለውጦ እዚያው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ አሲዱ (ቫይታሚን ሲ)፣ ቀጥሎ እጥበት፣ ካስፈለገ ብቻ አሞኒያ።

የሚሠራው ንጹሕ ቫይታሚን ሲ ነው። 1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙና ጫፉን ለግማሽ ሰዓት አጥልቁ። ቫይታሚን ሲ የተጋገረውን ብረት ውሃ ወደሚያሟሟው መልክ ይመልሰዋል፤ ቡናማው ወደ ፈዛዛ ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ስኳርና ቀለም ያለበት የሚታኘክ ኪኒን አይሆንም፣ ዱቄቱን ጠይቁ። ጫፉ ወርቅ ከሆነ (ላዩ ላይ 14 ካራት ወይም 585 የሚል አለ) ግማሽ ሰዓቱን መድገም ይቻላል። ተራ ብረት ከሆነ ከአሥር ደቂቃ አያልፍ፤ አሲዱ የቀለሙን ብረትና የጫፉን ብረት አይለይም።

የብራና ቀለም ወይም ቻይና ኢንክ የተሞላበት ብዕር ይድናል?

ይህ ጥያቄ በገዳማትና በቁም ጽሕፈት ዙሪያ ካሉ ሰዎች ይመጣል። የብራናው ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተዘጋጅቶ ለመቃ ብዕር የተሰናዳ ነው። ጥላሸት አይሟሟም፤ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው፣ ማያያዣው ሲደርቅ የብዕሩን መተላለፊያ ይለስነዋል። ለመቃ በጣም ጥሩ ነው፤ ለቀለም ብዕር አይሆንም። ቻይና ኢንክም እንዲሁ ነው፤ በብዙዎቹ ማያያዣው ሼላክ ስለሆነ ውሃ አያሟሟውም።

ጫፉና ምላሱ የሚነቀሉበት ብዕር ከሆነ ተስፋ አለ። ሁለቱን ለይቶ ከላይ በተባለው አሞኒያ አርሶ በለስላሳ ብሩሽ የምላሱን ቦይ ማጽዳት ይቻላል፤ አሞኒያ ሼላክን ያለሰልሳል። እንደ 51 ጫፉ የተሸፈነ ከሆነ ግን ሽፋኑ ሳይፈታ ውጤት አትጠብቁ። እዚያ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ከብዕሩ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

ጫፉን ከምላሱ ልንቀለው?

ካልተገደዳችሁ አትንቀሉት። ብዙ የተሰነጠቀ አንገትና የተጣመመ ጫፍ የመጣው ከዚህ ነው። ጫፍና ምላስ በጥብቅ ተገጥመው የሚገቡ ናቸው፤ ቀለም ከደረቀባቸው ደግሞ ይጣበቃሉ። ለመንቀል የግድ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ቀን ይራስ፣ በካላማዳሪ ቁራጭ ጫፉንና ምላሱን አንድ ላይ ያዙ፣ ሳታዟዙሩ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከመንቀላችሁ በፊት ጫፉ ምን ያህል ወጥቶ እንደነበር በስልክ ፎቶ አንሱ። በሚመለስበት ጊዜ ሚሊ ሜትር ቢስት የቀለሙ አወራረድ ይለወጣል።

ጸድቷል፣ ሞልቼዋለሁ፣ አሁንም አይጽፍም። ምን ቀረ?

ጫፉን በአጉሊ መነጽር ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ስንጥቁ በከፈላቸው የጫፉ ሁለት ክንፎች መሃል ከላይ እስከ ታች እየጠበበች የምትሄድ ቀጭን የብርሃን መስመር መታየት አለባት። መሃል ላይ ከጠቆረች ቅርፊት ቀርቷል፤ ወደ ማጥለቁ ተመለሱ። ብርሃኑ ጨርሶ ካልታየ ክንፎቹ ተጣብቀዋል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ቅጠል በመሃላቸው አንድ ሁለት ጊዜ በቀስታ አሳልፉ። ምላጭ አይሆንም፤ ይቆርጣል፣ ስንጥቁንም አንዴ ካሰፋው አይመለስም።

ብርሃኑ ደህና ከሆነ ምርመራውን ወደ አሞላሉ አዙሩ። ብዕሩን በውሃ ሞልታችሁ ስንት ጠብታ እንደሚወጣ ቁጠሩ፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣ ከረጢቱ ወይም ፒስተኑ አየር ያሳልፋል፣ ጫፉ ጥፋት የለበትም። ሁሉም ደህና ሆኖ መስመሩ እየተቆራረጠ ከሆነ ምናልባት የጣት ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ነው፤ በላርጎ ጠብታ አንዴ አጥባችሁ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

ለመጀመሪያው ሙሌት በውሃ የሚታጠብ ተራ ሰማያዊ ምረጡ። በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች የቀረ የድሮ ቀለም ከአዲሱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ አንዱ አሲድ ሌላው የዚያ ተቃራኒ ከሆኑ ተዋግተው ደለል ይሠራሉ። ያንን ሙሌት ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንዴ በውሃ አለቅልቁና የወደዳችሁትን ቀለም ሙሉ።